ያውቁ ኖሯል? ውኃውን የሚያግደው ሴራሚኩ አይደለም

የሻወር ቤት ሴራሚክ ብቻውን ውኃ አያግድም። በመገናኛዎቹ የሚሞላው ነጭ ሲሚንቶ ቀስ በቀስ እርጥበት ያሳልፋል። ዋናው መከላከያ ከሴራሚኩ ሥር የሚቀባው ወይም የሚነጠፈው ውኃ የማያስገባ ሽፋን ነው፤ ስለማይታይ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው።

ወለሉ ወደ ውኃ መውረጃው በየ1 ሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ያዘቅዝቅ። ለወለሉ ትንንሽ ሴራሚክ ይሻላል፤ መገናኛው ስለሚበዛ ብዙም አያንሸራትትም።

የሻወር ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚታሰረው የእጅ መደገፊያ ብረትስ? የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት መስፈርት 113 ኪሎ ግራም ያህል ጫና እንዲችል፣ ከወለሉ ከ84 እስከ 91 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ እንዲታሰር ያዛል። ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት ላይ በተራ ፊሸር የታሰረ ብረት (እውነቱን እንናገር) ፎጣ መስቀያ ነው።