ከመንቀጥቀጡ ሰባት ዓመት በፊት

ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ለንደን ውስጥ ባሳተመው ጽሑፍ የገለጸው የሚንቀጠቀጥ እጅና ጎብጦ የሚራመድ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ሁሉ የፓርኪንሰንን ሕመም የሚፈልገው እጅና እግር ላይ ሆነ። ክፋቱ ግን እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚያመነጩት የአንጎል ሕዋሳት አብዛኞቹ አልቀዋል።

ሌላ በር እንዳለ የጠቆሙት በ1978 ኢቫን ቦዲስ-ዎልነርና ሜልቪን ያር ናቸው። ለሕሙማኑ ንድፍ አሳይተው የአንጎላቸውን የኤሌክትሪክ ምላሽ ሲለኩ ምላሹ ዘግይቶ ደረሰ። ዓይን በዚህ ሕመም ምን አገባው? በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ያለው ሬቲና በጽንስ ጊዜ ከአንጎል የሚወጣ የነርቭ አካል ነው፤ የራሱ ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳትም አሉት። በ1990 የወጣ ጥናትም ከሞቱ ሕሙማን በተወሰደ ሬቲና ውስጥ ዶፓሚን መቀነሱን አሳየ።

ከሞተ ሰው የተገኘው ግን በሕይወት ላለው ምን ይረባዋል? መልሱ በ1991 አሜሪካ ውስጥ ተሠራ። ዴቪድ ሁዋንግ፣ ኤሪክ ስዋንሰንና ጄምስ ፉጂሞቶ ከባልደረቦቻቸው ጋር ኦሲቲ የተባለውን መሣሪያ ይዘው ቀረቡ። አልትራሳውንድ በድምፅ የሚሠራውን ይህ በብርሃን ይሠራል፤ ታማሚው አገጩን አስደግፎ ጥቂት ሲቆይ የሬቲናው ንብርብሮች ውፍረት በሺኛ ሚሊሜትር ይለካል። በ2004 እስራኤል ውስጥ ሪቭካ ኢንዘልበርግና ባልደረቦቻቸው በጥቂት ሕሙማን ዓይን የነርቭ ክሩ ሽፋን መሳሳቱን አዩ። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ግን ሁሉም አልተስማሙም፤ ተመርማሪዎቹ ጥቂት፣ ሁሉም ደግሞ ቀድሞውኑ የታመሙ ነበሩ።

የጎደለው ሰው ከመታመሙ በፊት የተነሳ ምስል ነበር። ምስሉ ግን ሳይፈለግ ተቀምጦ ኖሯል! ለንደን የሚገኘው የሙርፊልድስ ዓይን ሆስፒታል ለግላኮማና ለስኳር ሕሙማን ዘወትር የሚያነሳቸውን ምስሎች አከማችቶ ነበር። ሲግፍሪድ ዋግነር፣ ፒርስ ኪንና ባልደረቦቻቸው የ154,830 ሰዎችን ምስል ከሕክምና መዝገባቸው ጋር አገናኙት። ዩኬ ባዮባንክ ከተባለው የምርምር ስብስብ ደግሞ 67,311 ጤነኞች ተጨመሩ።

በ2023 የታተመው ውጤት የፓርኪንሰን ሕሙማን ሬቲና ሁለት ንብርብሮች ሳስተው መገኘታቸውን ገለጸ፤ አንደኛው ዶፓሚን አመንጪዎቹ የሚገኙበት ነው። ከባዮባንኩ ጤነኞች መካከል በኋላ የታመሙት ደግሞ ሕመሙ ከመታወቁ በአማካይ ሰባት ዓመት ቀድሞ በተነሳው ምስል ሬቲናቸው ሳስቶ ታየ። ለእኔ የታሪኩ እምብርት ይህ ነው።

ልዩነቱ ግን የብዙ ሰዎች አማካይ ነው። ግላኮማና እርጅናም ሬቲናን ያሳሳሉ፤ የሕመሙን ጉዞ በምስል መከታተልም ገና በጥናት ላይ ነው። ጉዳቱን እንደሚገታ የተረጋገጠ መድኃኒትም የለም፤ ቅድመ ምልክቱ መጀመሪያ የሚጠቅመው ሕዋሳቱ ሳያልቁ መድኃኒት ለሚሞክሩ ተመራማሪዎች ነው። ስለዚህ በዓይን ምስል ብቻ ፓርኪንሰን አለብህ የሚል ቢመጣ አትመኑት። እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም እርምጃው ያጠረ ወላጅ ካላችሁ ግን እርጅና ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ለነርቭ ሐኪም አሳዩት።