ተጨማሪ መረጃ፦ የራስ የአይቲ ሠራተኛ ሳይቀጠር

በኮቦ ከተማ ጤፍ፣ ማሽላና ሽንኩርት ለሚነግድ ሰው ለሁለት ኮምፒውተር ብሎ ባለሙያ በወር ደመወዝ መቅጠር አያዋጣውም። ብልሽት ሲያጋጥም በከተማው ወይም በወልድያ ላለ የጥገና ባለሙያ በሠራው ልክ መክፈል፣ አለዚያም ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር ተዋውሎ አንድ ባለሙያ በጋራ መያዝ ይችላል። ሌላው መንገድ ከነጥገናው የሚቀርብ አገልግሎት መጠቀም ነው፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብርን የሚጠቀም ነጋዴ ሰርቨር አይገዛም፣ ሥርዓቱን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ሁሉንም ነገር ለሩቅ ሰው መተው ግን ያሰጋል። በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወቅት ኮቦ በምትገኝበት በሰሜን ወሎ ስልክና መብራት ተቋርጦ እንደነበር አይዘነጋም። ስለዚህ የሒሳብ መዝገቡ ቅጂ በሱቁ፣ የይለፍ ቃሉም በባለቤቱ እጅ ይቀመጥ፤ ውሉ ላይም ባለሙያው በስንት ሰዓት ውስጥ መድረስ እንዳለበት ይጻፍ።