ከካንሰር የዳነ ወጣት ድካሙን እንዴት ይቀንስ?

ካንሰር ከባድ በሽታ ነው። ነቀርሳም ይባላል። ነገር ግን በጊዜው ታክመው የዳኑ ብዙ ሰዎች አሉ። ከእነዚህም መካከል ወጣቶች ይገኛሉ።

የዳነው ወጣት ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ ችግር ሊገጥመው ይችላል። ይኸውም ድካም ነው። ሲያርሱ የዋሉበት ድካም በእንቅልፍ ይለቃል። ይሄኛው ግን ተኝተውም አይለቅም። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ጎረቤት «ሰነፈ» ይለዋል። ስንፍና አይደለም። በሽታውና ሕክምናው ያመጡት ነው።

ዘመድም አዝኖ «ተኛ፣ አትነሣ» ይለዋል። ነገር ግን ዘወትር መተኛት ጉዳት አለው። ጡንቻ ይኮሰምናል። ልብና ሳንባ ይደክማሉ። ድካሙም ይብሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ የሰበሰባቸው ጠበብት ምክር አወጡ። በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑ 30 ደቂቃ ያህል፣ ለ12 ሳምንት መንቀሳቀስ ድካሙን ይቀንሳል አሉ።

ሆስፒታል ሩቅ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛው ቦታ ነበር። ዛሬ ሌሎችም አሉ። ቢሆንም ለገጠር ሰው መንገዱ ረጅም ነው። እንቅስቃሴውን ግን በቤት ሆኖ መሥራት ይቻላል። በልዩ ልዩ አገሮች ባለሙያው በስልክ ይመክራል፤ ወጣቱ በሰፈሩ ይሠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ማማከር። ደም ማነስም ያደክማልና መመርመር ይገባል።
2. በሜዳ ላይ 5 ወይም 10 ደቂቃ መራመድ። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ መጨመር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።
3. እየተራመዱ ማውራት ከተቻለ ልኩ ነው። ማውራት ካቃተ ዝግ ማለት።
4. በሳምንት 2 ቀን ከበርጩማ እየተነሡ መቀመጥ። ይህ እግርን ያጠነክራል።
5. የተራመዱበትን ቀንና ደቂቃ በደብተር መጻፍ። ድካሙ እንደ ቀነሰ ወይም እንደ ባሰ መጻፍ። ባለሙያው ሲደውል ከደብተሩ ማንበብ። ወጣቱ መጻፍ ካልቻለ እናንተ ጻፉለት። የተማራችሁት ፊደል ለዚህም ይጠቅማል።

ትኩሳት፣ መድማት፣ የደረት ሕመም ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ማቆም ነው። ፈጥኖም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ካንሰር አብሮ በመብላት ወይም አብሮ በመራመድ አይተላለፍም። ስለዚህ የዳነውን ወጣት «ተኛ» አትበሉት። «ና፣ አብረን እንራመድ» በሉት።

ጥያቄ
ሀ. የካንሰር ድካም ከእርሻ ድካም በምን ይለያል?
ለ. በመንደራችሁ ከካንሰር የዳነ ሰው ቢኖር በምን ትረዱታላችሁ?