ቄሳር ሲቸር፣ ሳንቲሙ ሲያወራ

በባንክ መስኮት ጀርባ ብር ስቆጥር የኖርሁ ሰው ነኝ። የጥንት ሮማ ሳንቲም ሳይም ዓይኔ ከቄሳሩ ራስ ይልቅ በጀርባው ወደተቀረጸው ከፋይ ይሄዳል። ሰስተርቲየስ የሚባለው ትልቁ ሳንቲም ከመዳብና ከዚንክ ቅልቅል የሚሠራ፣ 25 ግራም ገደማ የሚመዝን ነበር። ለሥዕል የሚበቃ ስፋት አለው፤ ቄሳሮቹም አላባከኑትም።

በብዙዎቹ ላይ ቄሳር ከፍ ካለ መድረክ ላይ ተቀምጧል። አንድ ዜጋ ደረጃውን እየወጣ የልብሱን እጥፋት ዘርግቶ ይቀበላል። አጠገባቸው ሊበራሊታስ፣ ማለትም በሴት አምሳል የተሣለችው ቸርነት፣ የገንዘብ መቁጠሪያ ሰሌዳ ይዛ ቆማለች። ሰሌዳዋን እወድላታለሁ፤ ቸርነትም ቢሆን ሒሳቡ መወራረድ አለበት! ቄሳር ኔሮ እ.ኤ.አ. በ57 ለሮማ ከተማ ሕዝብ በነፍስ ወከፍ 400 ሰስተርቲየስ አድሏል። የተራ ወታደር የዓመት ደመወዝ 900 ነበርና ቀላል ገንዘብ አይደለም። ታዲያ እደላው ለችግረኛ ሁሉ አልነበረም፤ ባሪያና የውጭ አገር ሰው ከተቀባዮቹ መዝገብ ውጭ ነበሩ።

ሐድርያን ደግሞ ሳይሰጥ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ118 ሕዝቡ ለግምጃ ቤት የነበረበትን 900 ሚሊዮን ሰስተርቲየስ ውዝፍ ዕዳ ሰርዞ ሰነዱን በአደባባይ አስቃጠለ። በሳንቲሙ ላይ የሹም አጃቢ የሰነዱን ክምር በችቦ ሲለኩስ ይታያል፤ የዕዳው ልክ ሳይቀር ዙሪያውን ተጽፏል። እንደ ባንክ ሰው ከጠየቃችሁኝ፣ ለዓመታት ያልተሰበሰበ ዕዳ አብዛኛው ቢጠበቅም የሚመለስ አልነበረም። የማይገኝ ገንዘብ ምሮ ምስጋና መሰብሰብ ግን ጥበብ ነው።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ኔርቫ እ.ኤ.አ. በ97 ያሠራውን ነው። በጀርባው መድረክ የለ፣ ተቀባይ የለ፤ ከሠረገላ የተፈቱ ሁለት በቅሎዎች ሣር ይግጣሉ፣ አለቀ። ለመንግሥት መልእክተኞችና ለሹማምንት ጉዞ እንስሳና ሠረገላ የማቅረብ ግዴታ በየመንገዱ ዳር ያለውን ነዋሪ ያስመርር ነበር። ኔርቫ ይህን ሸክም ከጣሊያን ላይ አነሣ። ያለ አንድ ሰው ምስል፣ የተገላገለውን ሕዝብ እፎይታ በሁለት እንስሳት ያሳየውን ቀራጭ ሳላደንቅ አላልፍም።

ሳንቲሙን በሙዚየም ወይም በፎቶግራፍ ካገኛችሁት፣ ዙሪያውን ከተጻፈው ውስጥ ጣሊያን የምትለዋን ቃል ፈልጉ። ግዴታው የተነሣው ከእርሷ ላይ ብቻ ነው። የግብፅና የትንሿ እስያ ገበሬዎች በቅሎና አህያቸውን ማቅረባቸውን ቀጥለዋል።