«ለምዶኛል»

ባለፈው ክረምት የእንቅልፍ መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንድሸጥላት የለመነችኝ ሴት ከሐሳቤ አልወጣችም። ልቧ ድው ድው ይላል፤ ሌሊቱን ስትገላበጥ ይነጋል። ሁለት ቦታ ታይታ «ልብሽ ጤነኛ ነው» ተብላለች። ስለ ቡና ስጠይቃት ሳቀችብኝ። «ዶክተር፣ ቡናማ ከልጅነቴ ለምዶኛል። ባሌ ከእኔ እኩል ጠጥቶ ያንኮራፋል እኮ!» (ሆሳዕና ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማረሙን ከተውሁት ቆይቷል።) ከአምስት ወር በፊት የወሊድ መከላከያ እንክብል መጀመሯን የነገረችኝ ልትወጣ ስትል ነው፤ ያውም ጠይቄያት።

ይህችን «ለምዶኛል» ከሆሳዕናም፣ ከሾኔም፣ ከዱራሜም ከሚመጡ ደንበኞች ስሰማ ኖሬአለሁ፤ አሁንስ ሰለቸችኝ። ልማድ የሚሠራው አንጎል ላይ ነው። አንጎል ካፌይኑን ተላምዶ እንደ ድሮው አይደነግጥም። የለመደ ሰው በጾም ጸሎት ቀን ከሰዓት በኋላ ራሱን ይዞ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው። ካፌይኑን የሚያስወግደው ግን ጉበት ነው፤ ጉበት ደግሞ ለልማድ ብዙም ግድ የለውም። ለሆርሞን ግን አለው።

ሰዓት እንቁጠር። አንድ ጤነኛ ጎልማሳ 10 ሰዓት ላይ የጠጣው ካፌይን ግማሹ ከደሙ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ማታ 3 ሰዓት መሆኑ ነው። ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል የምትወስድ ሴት እጥፉን ትፈልጋለች፤ ሌሊት 8 ሰዓት። መውለጃዋ የተቃረበች እናት 15 ሰዓት ገደማ ሊወስድባት ይችላል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የዛሬው ጀበና ሲጣድ የትናንቱ ቡና ግማሽ ገና ሰውነቷ ውስጥ ነው። ከዚያ በላዩ አቦል ይጨመርበታል። ባልየው የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ የሲጋራው ጢስ ጉበቱን ስለሚያፈጥነው ልዩነቱ ጭራሽ ይሰፋል። የወሊድ መከላከያ መርፌውንና በክንድ የሚቀበረውን ግን አብሬ አልከስም፤ ይህን መዘግየት የሚያመጣው በዋናነት ኤስትሮጅኑ ነው።

«እኩል ጠጥቶ» የሚሉትም እኩል አይደለም። ወንዱ አቦሏን ጠጥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ቶናውንና በረካውን የምትጨርሰው የምትቀዳዋ ናት፤ ያ ሳያልቅ ጎረቤት ትጠራታለች። በኛ ከተሞች ብዙ ሰው የቃለ ሕይወት ወይም የመካነ ኢየሱስ ምዕመን ነው፤ ቢራና ጠላ በማይገባበት ቤት እንግዳ የሚከበረው በጀበና ነው። እንቢ ማለት ነውር ስለሆነ ስኒውን የሚቆጥር የለም።

አራስ ቤትማ ይብሳል። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል፤ አራሷም ከቡላ ገንፎዋ ጋር ትጠጣለች። ወደ ወተቷ የሚያልፈው ካፌይን ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የተወለደ ሕፃን ጉበት ገና ስላልበሰለ ያንኑ ጥቂት ለማስወገድ ቀናት ይፈጅበታል። ሕፃኑ አልተኛም ሲባል የቁርጠት መድኃኒት ፍለጋ ወደ እኔ ይላካል። ሁሉም በቡና ነው አልልም፤ ስለ ቡናው አስቀድሞ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም።

የብረት እንክብሉን በቡና የሚያወራርዱትንስ ምን ልበላቸው? እንክብሉ ያቅለሸልሻል፣ ቡናው አፍ ያስተካክላል፤ ይገባኛል። ግን ቡና ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች ብረቱን አንጀት ውስጥ ያስሩታል (እዚህ ላይ ካፌይን ንጹሕ ነው)። በየወሩ ደም ለሚፈሳት፣ ደም አነሰሽ ለተባለች ሴት ይህ ኪሳራ ነው። በውኃ ዋጡት፤ ቡናው ሁለት ሰዓት ይቆይ።

ቡና ጠላቴ አይደለም። እኔም ጠዋት ሁለት ስኒ ካልጠጣሁ መደርደሪያው ፊት አልቆምም። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን ነፍሰ ጡር ፈጽማ ትተው አላለም፤ በቀን ከ300 ሚሊግራም ካፌይን በላይ የምትወስድ ከሆነ ትቀንስ ነው ያለው። እኔን የሚያናድደኝ «ምን ትወስጃለሽ?» ስንል እንክብሉ ተቆጥሮ ጀበናው መረሳቱ ነው፤ የምንረሳውም እኛ ባለሙያዎቹ ጭምር ነን።

ስለዚህ መድኃኒት ልትገዙ ስትመጡ ስንት ስኒ እንደምትጠጡ ንገሩን። የመጨረሻዋን የምትጠጡበትን ሰዓትም አትርሱ።