ቅቤ የነካው እጅና የማይነካ ማብሪያ

እጅ ሳይነካው ብርሃን የሚጨምርና የሚቀንስ ዲመር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የቅንጦት ሆቴል ነው። እንደኔ ግን ይበልጥ የሚያስፈልገው ለጉራጌ ማዕድ ቤት ነው። በጉራጌዋ እምድብር በመስቀል ሰሞን ሥጋው ተከትፎ በንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ ሲለወስ፣ ከጉድጓድ የወጣው ቆጮም ውሃው ተጨምቆ፣ ቃጫው ተለይቶ በኮባ እስኪጠቀለል ድረስ እጅ ከሊጥና ከቅቤ አይላቀቅም። በዚህ እጅ 220 ቮልት ያለበትን ማብሪያ መንካት ግድግዳ ከማቆሸሽ ያለፈ አደጋ አለው፤ ርጥብ እጅ ኤሌክትሪክን ከደረቅ እጅ በቀላሉ ያሳልፋልና።

መብራቱ ከሶላር ባትሪ በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ ነው እንበል። ሠሪዎች ብዙ የሚጨነቁት እጁን ስለሚያየው ሴንሰር ነው፤ ከባዱ ግን ብርሃኑን መቀነሱ ነው። በመብራቱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነጭ ኤልኢዲ የሚሠራው በ3 ቮልት አካባቢ ሲሆን፣ ቮልቴጁ ከዚያ በጥቂቱ ዝቅ ካለ ጅረቱ ክፉኛ ያሽቆለቁላል። ስለዚህ ሞስፌት የሚባለው ትራንዚስተር መብራቱን በሰከንድ 1,000 ጊዜ ያህል ያበራዋል፣ ያጠፋዋል፤ ዓይን የሚያየው አማካዩን ነው። ሞስፌቱ በመቆጣጠሪያው (በማይክሮኮንትሮለሩ) 5 ቮልት በሙሉ የሚከፈት ዓይነት መሆን አለበት፤ 10 ቮልት የሚፈልገው በግማሽ ተከፍቶ ይግላል። ደግሞም ለዓይን ግማሽ የሚመስለው ብርሃን በልኬት 18 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህ በፕሮግራሙ ካልተሰላ ብርሃኑ ከታች በትንሽ የእጅ እንቅስቃሴ ይዘላል፣ ከላይ ደግሞ የተለወጠ አይመስልም።

ለእጁ ርካሹ ሴንሰር ኢንፍራሬድ ነው፤ በእንጨት ምድጃ ቤት ግን ጥላሸት ሌንሱን ይሸፍነዋል። በ40,000 ኸርትዝ የሚሠራው የድምፅ ሴንሰር ይሻላል፤ ማሚቶው ከ20 ሴንቲሜትር ርቀት በ1.2 ሚሊሰከንድ ገደማ ይመለሳል። (እምድብር ከፍታ ላይ መሆኗ ስሌቱን አያዛባም፤ የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በሙቀት እንጂ አየሩ በመሳሳቱ አይደለም።) ሰው ባለፈ ቁጥር መብራቱ አይረበሽም ወይ ለሚል፣ ከ5 እስከ 30 ሴንቲሜትር ውስጥ ግማሽ ሰከንድ ያልቆየን ነገር ፕሮግራሙ ይተወዋል።

መሣሪያው ራሱ ባትሪ ይበላል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ሒሳቡ ግን ለዲመሩ ያደላል። 60 ዋት ሰዓት የሚይዝ የሶላር ባትሪ ሙሉ ብርሃኑን 6 ሰዓት ያቆየዋል። ወደ ሩብ ሲወርድ ግን መብራቱ 2.5 ዋት፣ መቆጣጠሪያው 0.3 ዋት ያህል ቢወስዱ እንኳ ከ20 ሰዓት በላይ ይዘልቃል። የሚከብደኝ መቆጣጠሪያው የተበላሸ ለት የሚሆነው ነው፤ ለዚያ ሞስፌቱን ዘሎ መብራቱን በቀጥታ ከባትሪው የሚያገናኝ ተራ ማብሪያ ከጎኑ ይገጠም።