ካምቢዮ ከማስወረድዎ በፊት

ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ የአባይን በረሃ በጭነት የሚወርድ ሹፌር አንዱ ትልቁ ስጋቱ የፍሬን መጋል ነው። ስለዚህ በከባድ ማርሽ ይወርዳል፤ ሞተሩ መኪናውን ይዞለት ፍሬኑ ያርፋል። ታዲያ ከሦስት ወደ ሁለት ሲመልስ ማርሹ አልገባም ቢለውስ? ከሦስተኛው ወጥቷል፣ ሁለተኛው አልተቀበለውም፤ ያ ሁሉ ጭነት ያለ ማርሽ ቁልቁል ይንደረደራል።

እንዲህ የሚያደርግ መኪና ጋራዥ ሲገባ ቶሎ የሚሰማው ቃል «ካምቢዮው ይውረድ» ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከካምቢዮው ፊት ያለው የፍሪሲዮን ነው።

ይህን ለመለየት መፍቻ እንኳ አያስፈልግም። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ ሞተሩን ያጥፉና ፍሪሲዮን ረግጠው ማርሾቹን አንድ በአንድ ይሞክሩ። ሞተር ጠፍቶ ሰተት ብሎ የገባው ማርሽ ሞተር ሲነሳ ካስቸገረ፣ ፍሪሲዮኑ በደንብ እየለቀቀ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርሽ እንዲገባ በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ሁለት ብረቶች እኩል መዞር አለባቸው። የሚያስታርቃቸው ሲንክሮናይዘር የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ ከነሐስ የሚሠራ ቀለበት ነው፤ ጥርሶቹ ከመገናኘታቸው በፊት በሰበቃ ፍጥነታቸውን ያስተካክላል። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1928 ይህን ይዞ ከመምጣቱ በፊት ሥራው የሹፌሩ እግርና ጆሮ ነበር። ቀለበቱ ግን አቅሙ ትንሽ ነው፤ የተሠራው ከሞተር የተለየ ዘንግ ለማዘግየትና ለማፍጠን ነው። ፍሪሲዮኑ ካልለቀቀ ከሞተሩ ጋር ግብግብ ይገጥማል። ሹፌሩ በጉልበት በገፋ ቁጥር የሚበላው ቀለበቱ ነው፤ ትንሹ የፍሪሲዮን ብልሽት እውነተኛ የካምቢዮ ብልሽት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ፍሪሲዮንስ ለምን አይለቅም? በብዙ መኪኖች ፔዳሉን ከፍሪሲዮኑ የሚያገናኘው ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል፤ አየር ከገባ የእግርዎ ጉልበት አረፋ በመጭመቅ ያልቃል። ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡት ማርሹ ከገባ አየር ወይም የሚያፈስ ፖምፓ ይጠርጥሩ። (እየደጋገሙ ረግጠው ወር የሚከርሙም አሉ፤ መልመዳቸው እንጂ መኪናው አልዳነም።)

ሞተር ጠፍቶም ካስቸገረ ከማርሽ መቀየሪያው ወደ ካምቢዮ የሚሄዱት ገመዶችና መገጣጠሚያዎች ይታዩ፤ ደርቀው ወይም ተበልተው ይሆናል። አንድ ማርሽ ብቻ ካስቸገረ የዚያ ማርሽ ቀለበት ሊሆን ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ጠዋት ብቻ አስቸግሮ ሲሞቅ ከተወ፣ ብርድ ያወፈረው ዘይት ነው።

ስለ ዘይት ካነሳን፣ «ወፍራም ይሻላል» በሚሉት አልስማማም። ቀለበቱ የሚሠራው በሰበቃ ስለሆነ ከልክ በላይ የወፈረ ወይም የሚያንሸራትት ዘይት ያሰንፈዋል። ለዲፈረንሻል የሚመረጠው ጂ ኤል 5 ደግሞ፣ ጂ ኤል 4 በሚጠይቅ ካምቢዮ ውስጥ ሲገባ ነሐሱን ሊጎዳ ይችላል። የትኛው እንደሚገባ የመኪናው መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ ዘይት ከመግዛትዎ በፊት ያንብቡት።